«እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲባል ያልተነሡት ልጆች

(በሜሪላንድ ለወላጆች፣ ለካህናትና ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሰፊ ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን በባህል ለውጥ መካከል» የሚል። እኔ ግን ከአንድ ወንበር ልጀምር።

በማገለግልበት ደብር ከኋላ በስተግራ በኩል አንድ ረጅም የእንጨት ወንበር አለ። ሕንፃውን ከሌላ ቤተ እምነት ስንገዛው አብሮ የመጣ ነው። እሑድ እሑድ እዚያ የሚቀመጡት ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆቻችን ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ፤ ይሳለማሉ፤ ይቀመጣሉ። ባለጌ ልጆች አይደሉም። አንድ እሑድ ቅዳሴው ተጋምሶ ሳለ ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» አለ። የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። አብዛኛው ምእመን ቆሟል፤ ይህ ቃል በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ካለ እነዚያን ልጆች ነው። አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። አንዷ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትከተላለች፤ አንዱ የወንበሩን ጠርዝ በጥፍሩ ይፍቃል። ዲያቆኑ ቀጠለ፤ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፣ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። አሁንም እንደተቀመጡ ናቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚሁ አገር የተወለደ ወጣት ዲያቆን ተራው ደረሰ። «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ አዜመ፤ ትንፋሽ ወሰደና ያንኑ ቃል በዚያው ዜማ በእንግሊዝኛ ደገመው። ወንበሩ ባንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ ሲል ደግሞ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና «ለካስ ስንጠራቸው አይሰሙንም ኖሯል» አሉኝ።

ከቅዳሴ በኋላ ሁለት አባወራዎች ሰበካ ጉባኤው ዘንድ ቀርበው «ቅዳሴያችን ሊበረዝ ነው» ብለው አመለከቱ። እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዱ አድረው፣ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ለኪዳን የሚደርሱ ናቸው። ፍርሃታቸውም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ያንን ሕንፃ ስንገዛ ቁልፉን ያስረከቡን 8 አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ ቤት የቀሩት ምእመናን እነርሱ ብቻ ነበሩ፤ ልጆቻቸው የሉም፣ የልጅ ልጆቻቸውም የሉም። አንደኛው አዛውንት ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። እኛም አንድ ቀን ለሌላ ሰው ቁልፍ እናስረክብ ይሆን? ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ዛሬ የምናገረው ለሁለቱ አባወራዎችም ለልጆቹም ነው።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሃይማኖትን ሳይለቁ ለአዲስ ሰሚ መናገር ቤተ ክርስቲያናችን ገና ዛሬ የገጠማት ፈተና አይደለም። ዘዴውን ከማንም አትዋሰውም፤ ጥንትም በእጇ ነበር።

«ሃይማኖት» የሚለውን ቃል ራሱን ተመልከቱት። ግእዝ ሆኖ አልተወለደም፤ የሶርያ ክርስቲያኖች ከሚናገሩት ከአራማይክ የመጣ ነው። ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት፣ ገሃነም የምንላቸውም እንዲሁ። ዛሬ እነዚህን ቃላት «የውጭ ናቸው» የሚል ምእመን አይገኝም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አክሱም የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳን፣ ዘጠኙ መነኮሳት፣ አገራቸውም አፋቸውም ሌላ ነበር። ያን ጊዜ ግሪክ የሊቃውንት ቋንቋ ነው፤ የአክሱም ነገሥታት ሳይቀሩ በገንዘባቸው ላይ በግሪክ ያስቀርጹ ነበር። «ወንጌል መስማት የሚፈልግ ግሪክ ይማር» ማለት ይቻላቸው ነበር። ትውፊታችን የሚነግረን ግን ግእዝ እንደተማሩ፣ መጻሕፍትንም ወደ ግእዝ እንደመለሱ ነው። በአባ ገሪማ ስም በሚጠራው፣ አድዋ አጠገብ ባለው ገዳም ዛሬ ድረስ የሚገኘው የግእዝ ወንጌል በብራናው ላይ በተደረገ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ዛሬ እንዳይነካብን የምንሳሳለት ግእዝ ያን ጊዜ የገበያና የጓዳ ቋንቋ ነበር። ቅዱስ ያደረገው የተነገረበት ወንጌል ነው።

ከበሮውንም እዩት። ከበሮ በሠርግ የሚመታ፣ በጨዋታ የሚጨፈርበት የአገሬው ዕቃ ነው። አባቶች ወደ ማኅሌት አስገቡትና ትርጓሜ ሰጡት፤ የተጠላለፈው ጠፍር በጌታ ጀርባ ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ነው፣ የለበሰው ጨርቅ ሊዘብቱበት ያለበሱት ልብስ ነው፣ በአንገት የሚገባው ማንገቻ የታሰረበት ገመድ ነው አሉን። መቋሚያው መስቀሉ፣ ጸናጽሉ የያዕቆብ መሰላል ሆነ። በሠርግ ከሚመታው ከበሮ ጋር ጠፍሩም ቆዳውም ድምፁም አንድ ነው። ማኅሌት ውስጥ ሲመታ ግን የሕማማት መጽሐፍ ነው። የአገሩን ነገር ሁሉ «የዓለም ነው» ብለው ቢጥሉት ኖሮ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ዛሬ በምን ይታጀብ ነበር? ያገኙትን ሁሉ ሳይመረምሩ ቢያስገቡስ ኖሮ ማኅሌቱ ከሠርግ ጨዋታ በምን ይለይ ነበር?

ይህ አሠራር ስም አለው፤ ትርጓሜ ይባላል። በጎንደር ዘመን የደረጀው አንድምታ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። ተማሪው ንባቡን በግእዝ ያነባል። መምህሩ ተቀብሎ በአማርኛ «አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያለ ያፍታታዋል። አማርኛ ያን ጊዜ መጽሐፍ ሊጻፍበት እምብዛም የማይታሰብ፣ የቤትና የአደባባይ ቋንቋ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ምሥጢረ ሥላሴን ያህል ነገር፣ የጳውሎስን መልእክት ያህል ጥልቅ ነገር በዚያ ቋንቋ አስተማሩበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ መምህር ኤስድሮስ ተነሡና ትምህርቱ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት ወገን እስኪለይ ድረስ ተመራመሩበት። ልብ በሉ፤ ንባቡን ጥለው በአማርኛ ብቻ እናስተምር አላሉም፤ ሕዝቡ ግእዝ እስኪያውቅ ይጠብቅም አላሉም። «ንባብ ይቀትል ወትርጓሜ ያሐዩ» የሚሉትም እነርሱ ናቸው፤ ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል። ሥሩ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 3፥6 የተናገረው ነው።

ያ ወጣት ዲያቆን ያደረገው ይህንኑ ነው። ንባቡን አዜመ፣ ትርጓሜውን አስከተለ። አዲስ ነገር ነው ለሚለኝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው፤ ቅዳሴያችን ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ የታተመው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ በዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ አሜሪካን በካርታ እንጂ በእግሩ የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

አሁን ሁልጊዜ ወደሚነሣብኝ ክርክር ልምጣ፤ ለብዙ ጊዜ መልስ አጥቼለት ነበር። «አያቶቻችን ግእዝ አይሰሙም ነበር፤ ቢሆንም ከእኛ ይልቅ አማኞች ነበሩ» ይሉኛል። እውነት ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። «አቡነ ዘበሰማያት» በግእዝ ሲያደርሱ እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። ነገር ግን አያቴን ያለ ትርጓሜ የቀሩ አድርገን ካየናቸው ተሳስተናል። መንደሩ በሙሉ ይተረጉምላቸው ነበር።

በጽጌ ማኅሌቱ ስለ አበባ ሲያዜም ከደጅ ሜዳው አደይ ለብሷል። በዐቢይ ጾም ገበያው ራሱ ይጾማል፤ የሥጋው ሽታ ከሰፈሩ ይጠፋል፣ የሱፍና የተልባው ሽታ ይተካል። ቀኑ የሚቆጠረው በቅዱሳን ስም ነው፤ «ገንዘቡን መቼ ትመልሳለህ?» ሲባል «ለሚካኤል» ነው መልሱ። ወር በገባ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ይደርሳል፤ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ድሀ ይጠራል። የንስሐ አባታቸው ጠበል ይዘው ቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ቤቱን ይረጫሉ፣ ልጆቹን በክርስትና ስማቸው ይጠራሉ፣ ከጎረቤት የተኳረፈውን ሳያስታርቁ አይወጡም። በጳጉሜን ከብቱም ሰውም ወንዝ ይወርዳል። ሥጋ ወደሙ ምን እንደሆነ አያቴ በቃል አላብራሩልኝም፤ ከመቁረባቸው በፊት ለሦስት ቀን ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ግን ዛሬም አየዋለሁ። ለእርሳቸው ግእዙ የአንድ ትልቅ ነገር ድምፅ ነበር፤ የቀረውን አካሉን በዓይናቸው ያዩት፣ በእጃቸው ይዳስሱት ነበር።

እዚህ ያ መንደር የለም። ጽጌ ሲሆን የልጄ ትምህርት ቤት የሚያጌጠው በዱባና በአጽም ነው። ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን አገሩ በሙሉ ለታንክስጊቪንግ ቱርክ ይጠብሳል። የእኛ ገና ሲደርስ የሰዉ ዛፍ ፈርሶ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ወድቋል፤ ልጁም ትምህርት ተከፍቶበት የሂሳብ ፈተና ላይ ነው። ከአያቴ ትርጓሜ ለልጄ የደረሰው ድምፁ ብቻ ነው። መንደሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ እኛ አፍ አውጥተን ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም። «አያቶቻችን ሳይሰሙ አምነዋል» ማለት ለዚህ ልጅ መልስ አይሆነውም።

ወደዚያ ወንበር ልመለስ። ወንበር በሥርዓታችን ነበረ ወይ? አባቶቻችን የሚያስቀድሱት በመቋሚያ ተደግፈው ነው። ወንበሩ ከሕንፃው ጋር መጣ፤ ተቀመጥንበት፤ አቤቱታ ያቀረበ ሰው አልነበረም። አሥራታችንን በስልክ እንልካለን። ማኅሌቱ በዩቲዩብ ይተላለፋል። የጥምቀት ሰልፍ ሥራ እንዳንቀር ብለን ወደ ቅዳሜ እናዛውረዋለን። ለእኛ ለአዋቂዎች የተመቸውን ሁሉ በዝምታ ለውጠናል። ለልጆቹ የሚሆነው ሲመጣ ብቻ «ሥርዓት ይጠበቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው። ስለ ጥምቀቱ ከተነሣ፣ ሰልፉ ቅዳሜ መሆኑ አይከፋኝም፤ ታቦት ሲሸኝ ልጆች ማየት አለባቸው። ነገር ግን የጥር 10 ዋዜማና የጥር 11 ቅዳሴ 5 ሰው ቢመጣም በቀናቸው ይሁኑ እላለሁ። የጸሎቱ ቀን የአባቶች ነው፤ ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ግን እኛ ልናመቻቸው እንችላለን።

ትውፊት ብለን አጥብቀን የያዝነው፣ ሲመረመር ትውፊት ሆኖ የማይገኝ ነገርም አለ። የሚያስለቅሰኝ የቅዱስ ቁርባኑ ነገር ነው። ቅዳሴው ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሄደው «ንሥኡ ብልዑ» ወደሚለው ነው፤ እንካችሁ ብሉ። እኛ ግን ሕፃናቱንና አረጋውያኑን እናቆርባለን፤ በመካከል ያለው ዕድሜ በሙሉ ቆሞ ያያል። ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው «አሁን አድገሃል» ብለን ከሰልፉ እናወጣዋለን። ይህ ከየት መጣ? የሐዋርያት ቀኖና ምእመን መጻሕፍት ሰምቶ ሳይቆርብ መውጣቱን ይነቅፋል። ልጁን ከሥጋ ወደሙ የምንከለክለው በልማድና በፍርሃት ነው፤ ስሙን ግን ሥርዓት እንለዋለን። እኔ ራሴ በ14 ዓመቴ ከቁርባን ርቄ ለመመለስ 20 ዓመት ፈጅቶብኛል። በእነዚያ 20 ዓመታት አንድም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም። ከበሩ ውስጥ ሆኖ ከማዕዱ ውጭ መሆን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ለእነዚያ ልጆች አልመኘውም።

እንዲህ ያለ ነገር ታርሞ አያውቅም እንዳትሉኝ። ከመጀመሪያው ጳጳሳችን ከአባ ሰላማ ጀምሮ ወደ 1,600 ዓመት ገደማ ጳጳስ ከግብፅ ይመጣልን ነበር። ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል በፍትሐ ነገሥት ውስጥ የኒቅያ አባቶች ቀኖና ተብሎ ተጽፎ ነበር። ብዙዎቹ ጳጳሳት የሚባርኩትን ሕዝብ ቋንቋ ሳያውቁ ኖረው እዚሁ አርፈዋል። በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆኑ። በመካከሉ ብዙ መላላክ፣ ብዙ ክርክር፣ ብዙ ትዕግሥት አለ። ከእስክንድርያ ጋር ሳይለያዩ ነው ያገኙት። ከጸሎተ ሃይማኖታችን አንዲት ፊደል አልተነካችም።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ባህል ተለወጠ ሲባል ቶሎ የሚታየን ልብስና ቋንቋ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲኖዶሳችን ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ በአገር ቤት፣ አንዱ በስደት። እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ እስኪወርድ፣ በዚህ ከተማ ሰው ሲተዋወቅ «አንተ የየትኛው ነህ?» ይባባል ነበር። የአገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛው። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ደብር፣ በሁለቱም ያው ግእዝ፣ ያው ዜማ፣ ያው ቅዳሴ ሐዋርያት። የወንድሙ ልጅ ተክሊል ላይ ላለመገኘት ብሎ ሆቴል አዳራሽ ላይ ብቻ የተገኘ ሰው አውቃለሁ። እኅትማማች ሆነው በእናታቸው ተዝካር በየትኛው ካህን ይጸለይ ብለው የተለያዩ አውቃለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከንባባችን አንድ ቃል አልጎደለም። የዘመኑ መንፈስ ግን፣ ሰውን በጎራው የሚመዝነው፣ መቅደስ ድረስ ገብቶ ተቀመጠ። ለቋንቋ በሩን ጠርቅመን ስንጠብቅ ለፖለቲካው ወለል አድርገን ከፍተንለት ነበር። ዛሬም በዘር ይመጣል፤ በተከታይ ብዛት ሰባኪን በመመዘን ይመጣል፤ ፈውስን እንደ ሸቀጥ በማቅረብ ይመጣል። ሁሉም ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ በጥሩ አማርኛ እየተናገረ ነው የሚገባው።

የቋንቋው ጉዳይ የስደተኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ያውም በግእዝ ፊደል። ሰዎቹ የወንጌላውያን ወገን ነበሩ፤ ድካማቸውን ግን አከብራለሁ፣ የእኛም መዘግየት ይቆጨኛል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሳውያን ከአገሩ ሕዝብ 50.6 በመቶ ነበርን፤ በ1999 ዓ.ም. 43.5 በመቶ ሆንን። በዚያው ጊዜ ፕሮቴስታንቱ ከ10.2 ወደ 18.6 በመቶ ከፍ አለ። ሁሉንም በቋንቋ አላመካኝም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን ወንጌልን በእናቱ ቋንቋ ሰምቶ «አሁን ገባኝ» ያለውን ሰው ከሐዲ ብዬ ለመጥራት አፌ አይታዘዘኝም። በጥር 2015 ዓ.ም. ከሲኖዶስ ውጭ ጳጳሳት በተሾሙ ጊዜም የቋንቋ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ያለ ሲኖዶስ ጳጳስ መሾም ቀኖና መጣስ ነው፤ በዚህ አላመነታም። በቋንቋው ልቀድስ፣ በቋንቋው ልማር የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ሹመት በፊት ለብዙ ዓመታት ደጃችን ቆሞ ነበር። በጊዜው ከፍተን «ግባ» ብንለው ኖሮ ያንን ሁሉ መከራ ሳናይ እንቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ዘንድ የጀመርነው ትንሽ ነው። ዲያቆኑ ሕዝቡን የሚያዝባቸው ቃላት ከግእዙ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይደገማሉ። የጳውሎስ መልእክትና ወንጌሉ በሁለት ቋንቋ ይነበባሉ። ተሰጥዎው፣ ሕዝቡ እየተቀበለ የሚመልሰው፣ በግእዝ ይቆያል፤ ልጆቹ ግን ትርጉሙን ይማሩታል፤ ከቅዳሴ በፊት 20 ደቂቃ በሳምንት 3 ቃል። «ተሣሃለነ» ማለት ማረን ማለት መሆኑን የተማረ አንድ የ11 ዓመት ልጅ በማግስቱ እኅቱን መትቶ «ተሣሃልኒ» አላት ብላ እናቱ ነግራኛለች። ይህ ልጅ ግእዙ ገብቶታል።

የሚከብደው ንስሐ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ንስሐ አባቱ ዘንድ ገብቶ ምንም ሳይናገር ወጣ። ኋላ ሲነግረኝ፣ የሚያውቀው አማርኛ የጓዳ አማርኛ ነው፤ ና፣ ብላ፣ ተኛ፣ አትንካ፣ ስልክህን አስቀምጥ። ቅናት በአማርኛ ምን እንደሚባል አያውቅም። ኀፍረትን የሚጠራበት፣ የልቡን ጨለማ የሚያወጣበት ቃል እናቱም አባቱም አልሰጡትም። አባታችን ደግሞ ደግ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ግን ከአውቶቡስ አያልፍም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ተያይተው፣ አንዱ አልቅሶ፣ አንዱ መስቀል አሳልሞ ተለያዩ። እዚህ ላይ ስለ ሥርዓት መበረዝ መከራከር አልችልም፤ የዚህ ልጅ ነፍስ ነው የያዘን። በእንግሊዝኛ ንስሐ የሚቀበሉ ካህናትን ማስተማር፣ እዚህ ካደጉት መካከል ለክህነት የሚበቁትን ማዘጋጀት ከሕንፃው ዕዳ በፊት የሚቀድም በጀት ነው። ይህን የሰበካ ጉባኤ አባላት ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ስለምትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

የማይለወጠውንም ልናገር። ጸሎተ ሃይማኖት፣ ምሥጢረ ተዋሕዶ፣ ምሥጢራቱ፣ ጾሙ፣ ጠላትህን ውደድ የሚለው ከባዱ ወንጌል፤ ከእነዚህ ቆርጠን ለማንም ዘመን አንሰጥም። ልጆቹም አልጠየቁንም። በእነዚህ 14 ዓመታት ሳስተምር «ጾሙ ይቀነስልን» ያለኝ ልጅ የለም። «ለምን?» ነው የሚሉኝ። ለምን ረቡዕ? ለምን ሥጋ? ጓደኛዬ ለእንስሳት አዝና ሥጋ ትታለች፣ እኔ ለማን ነው የምተወው? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሊያመልጥ የተነሣ ልጅ አይደለም። «ዝም ብለህ ጹም» ስንለው ግን መውጫውን እናሳየዋለን።

ባለፈው እሑድ የሆነውን ነግሬያችሁ ልጨርስ። ወጣቱ ዲያቆን የጳውሎስን መልእክት በእንግሊዝኛ አነበበ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 13 ነበር። በዚያ ረጅም ወንበር ጫፍ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው። ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው «ምን ይላል?» አሉ። ልጅቷ ቃል ፈለገች። «ፍቅር... ፍቅር ይጠብቃል» አለች።

«ይታገሣል» አሉ አያቷ። «ይታገሣል ነው የሚባለው።»

«ይታገሣል» ብላ ደገመች፤ ዲያቆኑ ሲቀጥል ቀጣዩን ልትነግራቸው ወደ ጆሯቸው ተጠጋች።